ከመኪናው ኋላ ያለው መኪና

ሾፌርነቱን የተውሁት ዓይኔ ከድቶኝ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወደ ሀዋታ ስወጣ ከፊቴ አህያ የተኛ መስሎኝ ፍሬን ያዝሁ፤ ቀርቤ ሳየው ከሌላ መኪና የወደቀ ጆንያ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ዛሬ ጆንያውን አህያ ያደረገ ዓይን ነገ ሰውን ጆንያ እንደሚያደርግ ገባኝና ጭነቱን አድርሼ ስመለስ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረከብሁ። "ትንሽ ዐርፈህ ትመለሳለህ" አለኝ። "ዕረፍትማ አላጣሁም፤ ያጣሁት ዓይን ነው" አልሁት። መነጽር ግዛ ያሉኝም ነበሩ፤ ሞክሬዋለሁ፣ አቧራ ሲለብስ ጭራሽ ግድግዳ ነው።

አሁን ሥራህ ምንድን ነው የሚለኝ ሲመጣ፣ መንገድ ዳር መቆም ነው እላለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሎሪ ስነዳ ኖሬ፣ በጠባብ መንገድ ላይ ሎሪና እግረኛ እንዴት መተላለፍ እንዳለባቸው አጥርቼ ያወቅሁት መሪውን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። ያወቅሁትን ደግሞ ሳልናገር አልሞትም።

ከአርማጭሆ ወደዚህ የመጣነው በጦርነቱና በረሃቡ ዘመን ነው፤ ያኔ ጺሜ ገና አላበቀለም። መጀመሪያ ድንበሩ ላይ ካለው የፋሽጋ እርሻ ሰሊጥ አጨድሁ። ቀጥሎ ገዳሪፍ ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ሆንሁ። የምንጭነውን መኪና የሚነዱት አባ ኑሩ የሚባሉ የጎንደር ሰው ነበሩ፤ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ብርድ ልብስ አጥፈው ካልተቀመጡበት በቀር ከመሪው በላይ ማየት አይችሉም። አንድ ቀን ጭነቱ ወደ ግራ ማድላቱን አይቼ ነገርኋቸው።

"ማን አስተማረህ?" አሉኝ።

"ጀርባዬ" አልሁ።

ሳቁና ረዳታቸው አደረጉኝ። ስለ መንጃ ፈቃዱ ምልልስና ስለ ደመወዙ ማነስ ብዙ አልልም፤ እሱን ያልቀመሰ ሾፌር የለም።

የዚህን አገር መንገድ ለማያውቅ ልንገር። መሬቱ ዋልካ ነው። ኸሪፍ በሚሉት የዝናብ ወራት የረገጠውን ሁሉ ይዞ አይለቅም። ስለዚህ አፈር ደልድለው መንገዱን ከሜዳው ከፍ ያደርጉታል፤ ረድሚያ ይሉታል። ረድሚያው ለአንድ ሎሪ ይተርፋል፣ ለሁለት ይጠባል። የተጫነ መኪና ወደ ዳር ከወጣ ጠርዙ ይናድና ይገለብጠዋል። እግረኛው "ትንሽ ፈንጠር ቢልልኝ ምን ነበረበት?" ብሎ ሾፌሩን ይረግማል፤ ሾፌሩ ፈንጠር ማለት እንደማይችል አያውቅም። በበጋ ደግሞ ያው ጭቃ ደርቆ እንደ ዱቄት ይልማል፤ አንድ መኪና ካለፈ በኋላ የገዛ እጅህን አታያትም።

አባ ኑሩ ዝናብ ከጣለ ከመኪናው ይወርዱና የረድሚያውን ጠርዝ በተረከዛቸው ይረግጡታል። ተረከዛቸው ከሰመጠ ያን ቀን ከመሀል አይወጡም፤ ከፊት የሚመጣ ካለ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ባዶው ለተጫነው ይቆማል፤ ይኼ በመካከላችን እንደ ሕግ ነበር። ጎማውን በዱላ መትተው ድምፁን ያዳምጣሉ። የሎሪ ቀኝ ጎን፣ ከበሩ ሥር ያለው ቦታ፣ ለሾፌር ዕውር ነው፤ የአህያ ጋሪ የሚጠጋውም እዚያ ነው። ስለዚህ ከመነሣታቸው በፊት ሁልጊዜ ወርደው ይዞሩታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን መንደር ካለፉ በኋላ መቆማቸው ነው። ሞተሩን ያጠፋሉ፣ የጭነቱን ገመድ እየነካኩ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ይሰጣሉ። "ሾፌር ፊት ፊቱን ያያል፤ ያደረገውን የሚያውቀው ግን ወደ ኋላ ሲሰማ ነው" ይሉ ነበር።

ጥሩንባ ላይ ያላቸውን ጠባይማ አልረሳውም። መሪ በያዝሁ ሰሞን የማውቃቸው የአገሬ ልጆች ማጭዳቸውን ይዘው በረድሚያው ሲሄዱ አገኘኋቸውና ደስ ብሎኝ ጥሩንባውን ነፋሁት። ልጆቹም ዞረው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ከመንገዱ ግን አንዳቸውም አልወረዱም። አባ ኑሩ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

"አሁን ምን አደረግህ?" አሉኝ።

"ሰላም አልኋቸው።"

"እነሱስ?"

"ሰላም አሉኝ።"

"ጥሩ። ነገ ፍሬን ቢበጠስብህና ብትጮህላቸው፣ ቆመው ሰላም ይሉሃል።"

ከዚያ ወዲህ በጥሩንባ ሰው ሰላም ብዬ አላውቅም። የኛ ሾፌር ግን ይኼን በሽታውን እስካሁን አልተወም፤ አገር ምድሩን በጥሩንባ ሲሳለም ውሎ፣ የጭንቁ ቀን ሲነፋ ሰዉ ፈገግ ብሎ ይጠብቀዋል።

ብዙ አለቆች ተፈራርቀውብኛል፤ አንዱን ልጥቀስ። በቀን ሁለት ዙር አይበቃም፣ ሦስት ካልሆነ የሚል ባለ መኪና ነበር። አባ ኑሩ ቁልፉን ነቅለው እጁ ላይ አስቀመጡለትና "ሦስተኛውን አንተ ንዳው" አሉት። መልሶ ሰጣቸው። እኔ የሠራተኛ ኩራት ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰሊጥ ሲደርስ ሎሪዎች ከእርሻው ተከታትለው ነው የሚወጡት። ሞቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው መኪና ያልፋል፤ ዳር ቆሞ የጠበቀው ሰው "አለፈልኝ" ብሎ ይገባል፤ ሁለተኛው መኪና ያለው አቧራው ውስጥ ነው። ለዚህ መላ ያመጡት አባ ኑሩ ናቸው። መንደር ሲደርሱ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ከኋላቸው ስንት መኪና እንዳለ በጣት ማሳየት ጀመሩ። ሁለት ካለ ሁለት ጣት፣ አንድ ካለ አንድ። የመጨረሻው ሾፌር ደግሞ መዳፉን በሩ ላይ ዘርግቶ ያሳርፋል፤ ከእኔ በኋላ የለም፣ ተሻገሩ ማለት ነው። ሰዉ ወደደው። ከውኃ የሚመለሱት ሴቶች ጣት እየቆጠሩ መሻገር ለመዱ። ከገላባት እስከ ሀዋታ ያለው ሾፌር ሁሉ ያዘው። እኔም የሳቸው ተማሪ በመሆኔ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

በረድሚያው ዳር ባለች አንዲት መንደር ወርቄ የምትባል ልጅ እግር ሴት ሻይ ትሸጥ ነበር፤ ከመተማ በኩል የመጣች፣ ሾፌሩን ሁሉ በየስሙ የምትጠራ። የምትቀዳው ውኃ ከመንገዱ ማዶ ነው። በአንድ የሰሊጥ ወቅት ከፋሽጋ ተከታትለን ስንመጣ አባ ኑሩ መጨረሻ ነበሩ፤ እኔ ከፊታቸው ነኝ። አንድ ጣት አሳይቼ አለፍሁ። አባ ኑሩ መዳፋቸውን ዘርግተው አለፉ። ወርቄ ጀሪካኗን አንሥታ ገባች።

ከመንደሩ ትንሽ ወደ ኋላ ከአንድ እርሻ የሚወጣ ጥርጊያ አለ። በዚያ በኩል አንድ ሎሪ ወጥቶ ከአባ ኑሩ አቧራ ጋር መቀላቀሉን ማናችንም አላወቅንም። ሾፌሩ እንግዳ ነው፤ እኛን አያውቀንም፣ ምልክታችንንም አያውቀውም። መብራት አብርቶ ነበር፤ ቀስ ብሎም ነበር የሚሄደው። ምን አጠፋህ ይባላል?

አባ ኑሩ እንደ ልማዳቸው ቆመው ሞተር ሲያጠፉ ጩኸቱን ሰሙ። እኔም የሳቸውን መኪና ከኋላዬ ሳጣው ቆሜ ሮጥሁ። ስደርስ ሰዎቹ በገመድ አልጋ አንሥተዋታል። አልጋው እንዲያርፍበት ከአባ ኑሩ ጭነት ላይ ያለውን ጆንያ ወደ ሜዳው ወረወርነው። አባ ኑሩ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡና እኔ ነዳሁ። እሳቸው ጭነቱ ላይ ወጥተው አልጋውን ይዘው ገዳሪፍ ገባን። ነፍሷ ተረፈች። ከጉልበቷ በታች ያለው አንድ እግሯ ግን አልተረፈም።

ስታገግም ሆስፒታል ሄድን። አባ ኑሩ ከእግርጌዋ ተቀመጡ። እሷ ቀደመች።

"አባ፣ መዳፍዎን አሳይተውኝ አልነበር እንዴ?"

ለመውቀስ አልነበረም፤ ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችው። ወቀሳ ቢሆን ይሻል ነበር። ሽማግሌው እዚያው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ያን ቀን ያለቀስሁትን ያህል ለእናቴም አላለቀስሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አባ ኑሩ ሾፌሮቹን መኪና ማቆሚያው ግቢ ሰበሰቡ። "መጣ ማለት እንችላለን" አሉ። "አለቀ ማለት ግን የኛ ሥልጣን አይደለም። ከኋላዬ ያለውን እኔ አላየውም፤ እኔን አምኖ የሚገባው ግን እግረኛው ነው። ከዛሬ ጀምሮ እጃችሁን አስገቡ።" ሾፌሮቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟቸው፤ ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፣ የአላህ ነገር ነው ብለው አጽናኗቸው። በማግሥቱ ግን ሁሉም እንደ በፊቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ለምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ምልክቱ ለእግረኛው የተሠራ ይመስላል እንጂ የጠቀመው ሾፌሩን ነው። እጁን ካሳየ በኋላ ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ተናግሬያለሁ ብሎ ልቡ ያርፋል። እግረኛውም ዓይኑን ትቶ በሰው እጅ ያያል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ያለው ላይ ነው። አደጋ አለ የሚል ምልክት ቢሳሳት ሰው በከንቱ ቆሞ ይውላል፤ አደጋ የለም የሚል ምልክት ሲሳሳት ግን ሰው ይበላል።

አባ ኑሩ እስኪሞቱ ድረስ ከግቢ ግቢ እየዞሩ እጃችሁን አስገቡ እያሉ ሾፌሮቹን ለመኑ። ያስተማሩትን መልሶ ማስጣል ከማስተማር እንደሚከብድ በሳቸው አየሁ። እኔም ከዚያ ወዲህ እጄን አስገብቼ፣ መንደር ስደርስ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነዳሁ። ሰዉ "ማሩ ኮራ፣ እጁን ነሣን" ይለኝ ነበር። ይበል። ሰው ቢያኮርፈኝ ይሻለኛል።

የሰሞኑን ነገር ላምጣው። የካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚህ በኩል ያለው መኪናም ሰውም በዛ። ወርቄ አሁን የሻይ ቦታዋን ቱነይድባ፣ የስደተኞቹ ካምፕ አጠገብ አድርጋለች፤ በምርኩዝ ትንቀሳቀሳለች፣ አፏ ግን እንደ ድሮው ሮጦ ይቀድማል። የካምፑ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከእሷ ፊት ያለውን መንገድ ያቋርጣሉ። መሪውን ከለቀቅሁ በኋላ ልጠይቃት ሄጄ ያየሁት ነገር አንጀቴን በላው። ሎሪው ሲያልፍ ሾፌሩ መዳፉን በሩ ላይ ዘረጋ፤ ልጆቹ ተንጋግተው አቧራው ውስጥ ገቡ። ያን ቀን ሌላ መኪና አልነበረም። ትግርኛ የሚናገረውም፣ ዐማርኛ የሚናገረውም፣ እዚሁ ተወልዶ በዐረብኛ የሚጫወተውም ልጅ መዳፍ ሲያይ ይሮጣል። ከወር በላይ ያልፈጀ ትምህርት ነው።

"ስንት ጊዜ ጮህሁ መሰለዎት፣ ጋሼ ማሩ" አለችኝ ወርቄ። "እግሬን እያሳየሁ ነው የምነግራቸው። ሾፌሩ መዳፉን ሲያሳይ እኔን ማን ይሰማኛል? ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።"

ከእሷ ጋር ዳር ላይ ቆምሁ። ሌላ ሎሪ መጣ። "እዚያ አይቁሙ" አለችኝና ከምድጃዋ ቆንጠር አድርጋ ዐመድ በተነች። ዐመዱ ወደኔ መጣ። "ነፋሱ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ከጀርባዎ ሲሆን አቧራው ወዲያ ይሄዳል።" እኔ ግን ሾፌር ነኝ፤ ማን ይነካኛል ብዬ ባለሁበት ቆምሁ። ሎሪው አለፈ። ሰማይም መሬትም ጠፋ። የሚሄደው መኪና ድምፅና ሊመጣ የሚችለው ድምፅ አንድ ሆኑብኝ፤ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ከዳኝ። ዕድሜ ልኬን ያን አቧራ ሳስነሣ ኖርሁ እንጂ አንድ ቀን ቆሜ በልቼው አላውቅም ነበር። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ገዳሪፍ ሄጄ ሙስጠፋን አገኘሁት። ሙስጠፋ በዚያ መንገድ የሚመላለሱት ሎሪዎች አለቃ ነው፤ ወላጆቹ የኛው አገር ሰዎች፣ እሱ ገዳሪፍ የተወለደ፣ ራሱም ጎበዝ ሾፌር።

"ያ ዓም ማሩ፣ አሁንማ ቁጭ ብለው ሻይዎን አይጠጡም?" አለኝ፤ ያ ዓም ማለቱ አጎቴ ማለቱ ነው።

"ሻዩን ከነአቧራህ እየጠጣሁት ስለሆነ ነው የመጣሁት" ብዬ ነገሩን ነገርሁት።

"ወላሂ፣ መዳፉ እኮ ስንቱን ሰው አድኗል። ካላሳየን ሰዉ ራሱ ይሰድበናል።"

"ስንቱን እንዳዳነ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። እግሯን ያሳጣት ሴት ግን፣ ብትሄድ ሻይ ትቀዳልሃለች።"

ዙሪያችንን የቆሙትን ሾፌሮች አየት አደረገ። ከዚያ "ታዲያ ምን ይሁን?" አለኝ።

"ካምፑ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። አንዱ አልፎ አቧራው እስኪወርድ ሁለተኛው አይነሣ። ቀስ ብላችሁ እለፉ፤ እጅ አይውጣ።"

"አንድ በአንድ? ኸላስ፣ በቃ፣ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ልንገባ ነዋ!"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

"ተረት ሎሪ አይነዳም፣ ያ ዓም!" ሲል የከበቡን ሾፌሮች ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ተናግሯል። ግን አልተነሣሁም። "እንግዲያው ናና ከኛ ጋር ዳር ላይ ቁም" አልሁት። "ሁለት መኪና ራስህ ላክ። ምንም ሳያስፈራህ፣ መንገዱ ነጻ ሆነ ስትል እጅህን አንሣ። በትክክል ካነሣህ ሁለተኛ ግቢህን አልረግጥም።" ሾፌሮቹ ፊት የተባለ ነገር ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻለም። ተስማምቶ እጄን መታ።

ሙስጠፋ ወደ ወርቄ ቦታ የመጣው ልጆቹ ክፍል ከገቡ በኋላ ነው። ለሾፌሮቹ ስልክ ደውሎ አንዱን አስቀደመ፣ ሌላው ተከትሎት እንዲነሣ አዘዘ። ወርቄ ጎን ለጎኑ ቆመች፤ እኔ በስተኋላቸው ነበርሁ። ነፋሱ ከወዲያ ማዶ ነው፣ አቧራውን ወደኛ ያመጣል፤ አልነገርነውም።

የመጀመሪያው ሎሪ በአጠገባችን አለፈ። አቧራው ሸፈነን። ሙስጠፋን ሳል ያዘው፤ ዓይኑን ጠረገ። ጥቂት ቆየ። እጁን ያነሣል ብዬ ስጠብቅ የተነሣው እግሩ ነው። ሰው መንገድ ዳር ሲቆም እግሩ የሚያስበው መሻገር ብቻ ነው መሰለኝ። አንድ ርምጃ ወደ ረድሚያው ሲገባ ወርቄ ምርኩዟን አግድማ ደረቱን መታችው፤ እሷም እሱም ወደ ኋላ ወደቁ። ሁለተኛው ሎሪ እሱ ረግጦት በነበረው ቦታ ላይ አለፈ። ሾፌሩ አላየንም።

አቧራው ሲወርድ ሙስጠፋ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ወርቄን ደግፌ አነሣኋት፤ ልብሷን አራገፈችና ከላይ ሆና አየችው።

"የኋለኛውን መኪና ማን ነው የላከው?" አለችው።

ሙስጠፋ ጎማው የሄደበትን ፈለግ አየ።

"እኔ" አለ። "እኔው ነኝ የላክሁት። እየመጣ መሆኑን እያወቅሁ ነው የገባሁት።"

እዚያው እንደ ተቀመጠ ስልኩን አወጣና፣ ከፋሽጋ በኩል የሚመጡት መኪናዎች ሁሉ ካምፑ ሳይደርሱ ባሉበት እንዲቆሙ አዘዘ።